ብድግ ያላልንበት ቀን

አሸንፈናል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከእኛ ሰፈር የድል ወሬ ብዙ ስለማይወጣ ነው። ያሸነፍነውም ተቀምጠን ነው፤ እንዲያው መሬት ላይ ቁጭ ብለን።

በሱዳን፣ በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉት እርሻዎች ለሰሊጥ አጨዳ የሚቀጠር ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ወረቀቱን ነው። የስደተኛ ካርድ ያለው ካርዱን፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያለው ፈቃዱን፣ ሌላ የሌለው ደግሞ ከመተማ ይዞት የመጣውን የቀበሌ መታወቂያ ያስረክባል። ወኪሉ፣ ማለትም ለእርሻው ባለቤት ሠራተኛ የሚሰበስበው ሰው፣ ሁሉንም በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ከትቶ ይቆልፍና ከተማ ያለው ቤቱ ያስቀምጠዋል። ዝናብ እንዳይመታው፣ ምስጥ እንዳይበላው ለእናንተው ብዬ ነው ይላል። አጨዳው ሲያልቅ ይመልሳል። ነገሩ ደግነት ይመስላል። ግን ወረቀት የሌለው ሰው ኬላ አያልፍም፤ ኬላ የማያልፍ ሰው ደግሞ ቢታመምም ቢመረውም ከእርሻው ንቅንቅ አይልም። ወኪላችን ደግሞ የጎንደር ሰው ነው። የእኛኑ ቋንቋ እየተናገረ፣ የእኛኑ ጾም እየጾመ ነው ሣጥኑን የሚቆልፈው።

እኔ ከእነዚያ እርሻዎች የአንዱ ወጥ ቤት ነኝ። በአጨዳው ወራት ለሰማንያ ሰው የማሽላ ገንፎ አገነፋለሁ፣ የባሚያ ወጥ እሠራለሁ፤ ሌላውን ጊዜ ገዳሪፍ ገበያ ዳር፣ ሎሪዎች ከሚጫኑበት ግቢ አጠገብ ሻይ እሸጣለሁ። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል። አልክድም፤ ሰማንያ የራበው ሰው በወረፋ ለማቆም የደነዘ ምላስ አይበቃም።

ነገሩ የጀመረው ከቋራ የመጣ አንድ አጫጅ እርሻው ላይ ሲታመም ነው። ትኩሳቱ አልበርድ አለ፤ ክንዱ እየሰለለ ሆዱ እየተነፋ መጣ። ቆላ ያደገ ሰው ያንን ሆድ ያውቀዋል፤ ካላዛር ነው። መድኃኒቱ ገዳሪፍ አለ፤ በጊዜ የደረሰ ይድናል። ወረቀቱ ግን ሣጥኑ ውስጥ ነው። ወኪሉ ሐሙስ አመጣለሁ አለ፤ ሐሙስ ሲደርስ ለሚቀጥለው ሐሙስ አለ። በመጨረሻ ያለ ወረቀት ጭነን ብንወስደው ከኬላው መለሱን። በሁለተኛው ቀን ወጥ ቤቴ ጥላ ሥር ሞተ። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ከማዘኔ ይልቅ መናደዴ ይብሳል።

ለቅሶው ላይ የተናገሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በክፉው የድርቅ ዘመን ድንበር ተሻግረው የመጡ፣ ከዚያ ወዲያ አገራቸውን ያላዩ፣ እርቅ ሲጠፋ የሚጠሩ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቃላቸውን የሚሰማ ሰው ናቸው። ሎሪ የሚጫንበት ግቢ ውስጥ ያለውን የመሣሪያ መጋዘን ይጠብቃሉ፤ ማጭድ የሚያድሉትም እሳቸው ናቸው። «የሚመጣው ዓመት ወረቀቱን የሚሰጥ አይኑር። አንድ ሰው እምቢ ቢል ጥለውት ይሄዳሉ፤ ሰማንያው እምቢ ካለ ግን ሰሊጡ ይረግፋል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሰሊጥ ቀኑ ከደረሰ በኋላ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። የሱዳን ጦርነት ከመጣ ወዲህ ደግሞ የጉልበት ሠራተኛ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሥራችን ግልጽ ነበር፦ ሰማንያ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል እምቢ እንዲል ማድረግ። ችግሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼን መደበቁ ነው። ካርዳቸው ጊዜው አልፎበታል፤ ለማሳደስ ሾዋክ ካለው የስደተኞች ቢሮ ተመላልሰው ወረፋው አልደረሳቸውም። በዚህ በጦርነት ዘመን ባዕድ ሰው በየኬላው ይጠረጠራል። ወኪሉ «ሕዝብ የሚያሳድመው ይኼ ሽማግሌ ነው» ብሎ ለአንድ የጸጥታ ሰው ጣቱን ቢቀስር ጋሼን በማግስቱ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ጋላባት ወስደው መተማ ያሻግሯቸዋል። ሚስታቸው ደግሞ ዓይነ ስውር ናቸው። ልጅ የላቸውም። የሚያበሏቸውም፣ ደጅ የሚያወጧቸውም ጋሼ ብቻ ናቸው። ጋሼ ከተወሰዱ እኚያ ሴትዮ በዚያች ጎጆ ብቻቸውን ይቀራሉ። እኛን እንቅልፍ የነሳን ይኼ ነበር።

ኮሚቴ አቋቋምን። መጻፍ ስለምችል ጸሐፊ አደረጉኝ፤ እኔም ደስ አለኝና ቀይ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ገዛሁ። እንደ አገራችን ዕድር ሥርዓት ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፤ የአባል ስም ከነአባቱ፣ የመጣበት ወረዳ፣ የሚያድርበት ሰፈር፣ ስልክ። ፊርማ የማይችለውን በሰማያዊ ቀለም ጣቱን አስነክሬ አስፈረምኩ። መቼም እንደዚያ ያማረ መዝገብ ገዳሪፍ አይታ አታውቅም።

ከኮሚቴው አንዱ ሾዋክ ካምፕ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ሊሞላው የተቃረበ ጎልማሳ ነው። ሾዋኬው እንለዋለን። አማርኛ ጀምሮ በዓረብኛ ይጨርሳል። ሰፈሩ ውስጥ ከካርቱም ለተፈናቀሉ ሰዎች በጋራ ምግብ ከሚያበስሉ የሱዳን ወጣቶች ጋር ይሠራል። እነዚያ ወጣቶች ድስት በማማሰላቸው ብቻ አንዴ በአንዱ ወገን አንዴ በሌላው የሚጠረጠሩ ናቸውና እንዴት እንደሚጠነቀቁ ያውቃሉ፤ እሱም ከእነሱ ተምሯል። መዝገቤን ገልጦ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ወኪሉ ይኼን ቢያገኝ የሚቀረው ፎቶአችንን መለጠፍ ብቻ ነው አለኝ፤ አቃጥይው አለ። ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን እያንዳንዱን ገጽ እየቀደድኩ በሻዩ ከሰል ላይ ጨመርኩት፤ ሰማያዊ የጣት አሻራ ያለበትን ገጽ ግን እስከ መጨረሻ አቆየሁት።

ሾዋኬው ያስተማረን ብዙ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ሰው ብቻ ይወቅ፤ ቢያዝ ከሦስቱ በላይ የሚናገረው አይኖረውም። ስልክ ላይ የቡድን ስም፣ የስብሰባ ፎቶ፣ የድምፅ መልእክት አይቀመጥ፤ ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚበረበረው ስልክ ነውና። ስንገናኝ ስልኩ ቤት ይቅር። ሰው ከተያዘ ሁሉም ተንጋግቶ አይሂድ፤ አንዱ ምግብ ይዞ ይሄዳል፣ አንዱ ለቤተሰብ ይነግራል፣ አንዱ ዓረብኛ ከሚችል ሽማግሌ ጋር ሄዶ ይጠይቃል። ማን ምን እንደሚያደርግ ሰው ከመያዙ በፊት ይወሰን። ማወቅ የማያስፈልግህን አትጠይቅ። ይህች የመጨረሻዋ ለእኛ ከባድ ነበረች፤ ሰው ከየት እንደመጣና የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቁ አብሮ መቀመጥ ነውር የሚመስለን ሰዎች ነን።

ኮሚቴው የሚገናኘው ዓርብ ጠዋት እኔው ሻይ ቤት ነበር። ዓርብ የአገሩ ዕረፍት ስለሆነ ሁሉም በየበንበሩ፣ በዚያች በገመድ በተጠለፈች አጭር መቀመጫ፣ ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣበት ቀን ነው። አሥር ሰው ቢቀመጥ ማን ልብ ይላል? መደበቂያችን አደባባይ በመሆኑ ኮራን። ሦስት ወር ያህል ነገሩ እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ ስድሳ፣ ከዚያም ሰባ ሰው ቃሉን ሰጠ።

አጨዳው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወኪሉ ብቻውን ወደ ሻይ ቤቴ መጣ። ስኳር አብዢልኝ አለ። ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን እያስቀመጠ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ጋሼን ምከሪያቸው። በዚህ ዕድሜያቸው መተማ ድረስ መንገዱ ይከብዳቸዋል» አለኝና ሄደ።

መዝገቡ ተቃጥሏል፤ ፎቶ የለም፤ በስልክ ስማቸው ተጠርቶ አያውቅም። ታዲያ እንዴት አወቀ? መልሱ ለሁላችንም አንድ መሰለን፦ ከመካከላችን ጆሮ ጠቢ አለ።

ከዚህ በኋላ ያደረግነውን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ካልተናገርኩት የቀረው ሁሉ ትርጉም የለውም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሦስት ወር ጥንቃቄ የተረፈን አንድም አልነበረም። ሰው ሰውን በጎን ማየት ጀመረ። ትናንት አብሮ የበላው ዛሬ «እሱ ለምን ዘገየ፣ ከማን ጋር ነበር» ይላል። ጣቱን ደፍሮ የቀሰረ ሲጠፋ እኔ ቀሰርኩ። ሾዋኬው ነው አልኩ። ከሎሪ ነጂዎቹ ጋር ሲጋራ ያጨሳል፤ ስልክ ሲያወራ በዓረብኛ ነው፤ አይጾምም፤ ደግሞስ ይኼን ሁሉ የስለላ ነገር ማን አስተማረው? እውነቱን ለመናገር ግን ያ መዝገብ ነበር በውስጤ የሚነደው። ሌሎቹ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሾዋኬውን አስወጣነው።

እሱ አልተከራከረም። ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና፣ «እኔ እሄዳለሁ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። አንዳችሁ ግን በሚመጣው ዓርብ ከመንገዱ ማዶ ተቀመጡና ራሳችሁን እዩ። ወኪሉ ቁርሱን የሚበላው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ» አለ።

ወኪሉ ፉል የሚበላው ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት፣ ጎሚስታው ጥላ ሥር ነው። በተከታዩ ዓርብ ሻዩን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ እዚያ ሄድኩ። የሄድኩት ሾዋኬው መዋሸቱን ለማረጋገጥ ነው። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከጎማዎቹ መካከል ተቀመጥኩ። ወኪሉም እንደ ልማዱ መጥቶ ከእኔ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ እንጀራ አይሉት ዳቦ ያን ኪስራውን በፉል ያጠቅሳል።

ሰዎቻችን አንድ በአንድ መጡ። ተቀመጡ፣ ሻይ አዘዙ፤ ከሩቅ ሲታዩ እውነትም ገበያተኛ ይመስላሉ። በልቤ ኮራሁ። ከዚያ ጋሼ በጥጉ ብቅ አሉ።

አሥሩም በአንድ ጊዜ ብድግ! በአንድ እጅ የተሳቡ ያህል። «ኖር! ኖር!» ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ እኔ ጋ ደረሰ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንስተው «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» እያሉ በሁለት እጃቸው ያረጋጋሉ። አንዱ በንበር በነጠላው ይጠርጋል፣ አንዱ ጥላ ወዳለበት ያዛውራል፣ አንዱ በትራቸውን ይቀበላል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ለእሳቸው ሄደ። እሳቸው አንዴ ፉት እስኪሉ ድረስ ብርጭቆውን ወደ አፉ ያስጠጋ አልነበረም።

ወኪሉን አየሁት። ኪስራውን እያኘከ ነበር፤ ፈገግ ብሏል። የጎንደር ልጅ ነው እኮ። ሰው ለማን እንደሚነሳ እያየ ያደገ ሰው ነው። ሰላይ ምን ያደርግለታል? በየሳምንቱ ዓርብ ስብሰባችንን ከፊቱ ዘርግተን፣ አለቃችንን በእጃችን እያመለከትን ፉሉን አስበልተነዋል። ሱዳናዊ ቢሆን ለሽማግሌ ተነሱ ብሎ ባለፈ ነበር። እሱ ግን ሌላ ሽማግሌ ሲመጣ ግማሹ ብቻ እንደሚነሳ፣ ለጋሼ ግን አንድም ሰው እንደማይቀር ያያል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያው በቀጥታ ሾዋኬውን ፍለጋ ሄድኩ። የሽንኩርት ጆንያ ሲያወርድ አገኘሁት። በመንገድ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ፤ ጆንያውን ከጀርባው ሲያወርድና ላቡን ሲጠርግ ሳየው ሁሉም ጠፋኝ። በደልኩህ አልኩት፤ ከዚህ በላይ አልወጣልኝም። እሱ እኔን የሚጠራኝ እታለም ብሎ ነው። «ተይው እታለም፣ ኻላስ፣ አለቀ» አለ። «ይልቅ መቀመጥ ትችላላችሁ ወይ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ወኪሉ ለጸጥታ ሰው የሚያሳየው ማስረጃ መነሳታችን ብቻ ነው፤ ካልተነሳን ባዶ እጁን ይቀራል። ለጋሼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉ። ከዚያ «እኔ ስመጣ እንደ ጉልቻ ልትጎለቱ ነው?» አሉ። የተቀየሙ መሰለኝ፤ ተቀይመውም ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ከዚህ ስደት የተረፋቸው ነገር ቢኖር ያ ብድግታ ነበር። በመጨረሻ በረጅሙ ተንፍሰው «ይሁን» አሉ።

ከመካከላችን አንዱ፣ አንድ ትልቅ ግንድ የሚያህል ሰው፣ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ገበያው ውስጥ ሲዞር የሚውል አንድ ሰካራም ሽማግሌ አለ፤ ለእሱ እንነሳና ወኪሉን እናሳስተው አለ። ሳቅን። ጋሼ ግን አልሳቁም። «በእኔ ፈንታ ሰው አይያዝም» አሉ፤ ነገሩም እዚያው ላይ ተዘጋ።

ስለዚህ ልምምድ ጀመርን። የሻዩን ቦታ ለውጠን እኔ ግቢ ውስጥ ሦስት ሦስት ሆነን ነበር። ጋሼ ከበሩ ውጭ ወጥተው ተመልሰው ይገባሉ፤ እኛ ተቀምጠን እንቀራለን፤ ሥራው ይኸው ነው። ሰው ለመቀመጥ ልምምድ ያስፈልገዋል ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ሲገቡ ሦስቱም ተነሱ፤ በሁለተኛው ጊዜ ሁለቱ፤ በሦስተኛው ያ ግንድ የሚያህለው ሰው ብቻውን ተነስቶ እንደገና ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ። «እግሬ ነው፣ እኔ አይደለሁም» ይላል። ብልሃቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ወጥ ቤት መሆኔ በጀ። ለእያንዳንዳቸው ጭናቸው ላይ ምስር በሰፌድ ዘርግቼ ልቀሙ አልኳቸው። የተነሳ ሰው ምስሩን ይደፋል፤ የደፋውን ከአቧራው ውስጥ አንድ በአንድ ይለቅማል። ማጭድ እንጂ ሰፌድ ነክተው የማያውቁ ወንዶች ተደርድረው ምስር ሲለቅሙ ማየት ነበር። ያ ሰው አራት ጊዜ ደፋ። በአምስተኛው ጋሼ ገብተው አልፈውት ሲሄዱ ዓይኑን ከሰፌዱ አላነሳም፤ እንባው ግን ምስሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጋሼም አዩት። ሻያቸውን ራሳቸው ቀድተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። እኔ ወደ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ቃሉም ተመረጠ። «ወረቀቴ እኔው ጋ ይሁን» የሚል ነው። ከዚህ አይጨመርም፣ አይቀነስም፤ ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም። ከተሳካልን ደግሞ የመጨረሻው ሎሪ ግቢውን ለቆ እስኪወጣ እልልታ የለም። ሾዋኬው ይህን ሲናገር ወደ እኔ እያየ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከጠዋቱ ጀምሮ ሰማንያው ሰው በየጓዙ ላይ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ሦስት ሎሪዎች ቆመዋል። እኔ አጥሩ ሥር ሻዬን አፍልቻለሁ። ወኪሉ የቆርቆሮ ሣጥኑን ይዞ መጣ፤ አብሮት አንድ የማናውቀው፣ ሲቪል የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሱዳናዊ አለ። ሁለቱም በንበር ስበው እኔው ጋ ተቀመጡ። ሰውየው ሻይ ሲጠይቀኝ ጆሮዬ ከእነሱ ነበር። ወኪሉ በዓረብኛ «አሁን አሳይሃለሁ፤ ማንም ሳይነግርህ ራስህ ታውቀዋለህ» አለው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጋሼ ማጭዱን እንዲያመጡ ወደ መጋዘኑ ተጣራ።

ከመጋዘኑ እስከ ሎሪዎቹ ያለው መንገድ በተቀመጠው ሰው መካከል ነው። ጋሼ የማጭድ እስር ተሸክመው ወጡ። ምስር የለም፣ ሰፌድ የለም፤ ባዶ ጭን ብቻ ነው። ከሰማንያው ደግሞ ልምምድ የቀመሱት ሠላሳ ቢሆኑ ነው፤ ሌሎቹ በቃል ብቻ ነው የተነገራቸው። ያን ግንድ የሚያህል ሰው ፈለግሁት። የጓዙን ገመድ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ መሬት መሬት ያያል። አንዱ ጥፍሩን ይቆርጣል። አንዷ ጸጉሯን ትጎነጉናለች። ጋሼ መንገዱ መሀል ሲደርሱ አንድ የተዘረጋ እግር አጋጠማቸው። ባለቤቱ አልሰበሰበውም። ጋሼ ቆም አሉ፣ በእርጅና እግራቸው ቀስ ብለው ተሻገሩት፤ እስሩ ከበዳቸውና ተንገዳገዱ። አንድም ሰው አልተነሳም፤ የሚያግዝ እጅም አልተዘረጋም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ብልግና አይቼ አላውቅም፤ በሕይወቴም እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

መነጽር ያደረገው ሰው ወደ ወኪሉ ዞሮ ሳቀ። «ለዚህ ነው ከቤቴ ያስወጣኸኝ? የገዛ ሰዎቹ እግራቸውን እንኳ አይሰበስቡለትም» አለው። ሻዩን ጨረሰ፣ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ሄደ። ወኪሉ ቀልቶ ቀረ።

በንዴቱ ሣጥኑን ከፈተና ወረቀት ብሎ ጮኸ። ፊት የተቀመጠችውን ሴት ጠየቃት። ተቀምጣ እንዳለች «ወረቀቴ እኔው ጋ ይሁን» አለች። ቀጥሎ ያለውን ጠየቀ፤ ያው ቃል። ቀጥሎ፤ ያው ቃል። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተዘጋ። እንግዲያስ ሌላ ሰው አመጣለሁ፣ እዚሁ ትበሰብሳላችሁ አለ። ከየት እንደሚያመጣ ግን እሱም አያውቅም። ፀሐይ ከረረች፣ ጥላው አጠረ፤ እኛ ቁጭ። ሎሪ ነጂዎቹ ሞተር አጥፍተው ተኙ። ወደ እኩለ ቀን የእርሻው ባለቤት ራሱ በፒክአፕ መጣ።

ነጭ ጃላቢያ የለበሰ፣ የቸኮለ ሰው ነው። የሚያነጋግረው አለቃ ፈለገ፤ ዋናው ማነው አለ። ዓይኑ እኔ ላይ ወደቀ፤ ወጥ ቤቱ ስለሆንኩ ያውቀኛል። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ደስ ያለዎትን ሰው ይጠይቁ አልኩት። እውነትም እንደ መጣለት ሦስት ሰው ጠየቀ፤ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከመሀል፣ አንዱን ከዳር። አንድ ቃል ሰማ። ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሣጥኑን ወደ ራሱ ስቦ ገለበጠው። ካለፉት ዓመታት ሳይመለሱ የቀሩ ካርዶች ረገፉ፤ ከእነሱ መሀል የዚያ የቋራው ሰው ፎቶ ነበር። ዓይኔ እዚያ ላይ መቅረቱን አይቶ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ሐሙሶቹንም ሁሉ፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት። ካርዱን በጃላቢያው ጠርጎ በእጄ ሰጠኝ። ለወኪሉ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ወረቀት አትንካ፤ አሁን ጫናቸው» አለው። ያኔ ተነሳን።

ሎሪዎቹ ግቢውን ሲወጡ ሾዋኬው ከሦስተኛው ላይ ሆኖ የራሱን ካርድ በግንባሩ ላይ ለጥፎ አሳየኝ። እኔ የወጥ ቤቱን ዕቃ ይዤ በማግስቱ ስለምሄድ ከተማ ቀረሁ። የመጨረሻው ጎማ ከበሩ እንዳለፈ እልልታዬን ለቀቅሁት። ጎሚስታው ልጅ ወለድሽ ወይ አለኝ።

ጋሼ መጋዘኑን ቆልፈው ወደ ቤት ሲሄዱ ከሩቅ ተከተልኳቸው። ለምሳ ሁልጊዜ ይሄዳሉ። በሩ ክፍት ስለነበር ከደጅ ቆሜ አየሁ፤ ሚስታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለዚህ ነገር ምንም እንዳልነገሯቸው አውቃለሁ፤ ማወቅ የማያስፈልገው አይወቅ የሚለውን የሾዋኬውን ትምህርት ከሁላችን አጥብቀው የያዙት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን አላስቻላቸውም። ቁጭ እንዳሉ ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉንም ነገሯቸው። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«አውቄ ነበር» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ እጄን ይዘው ውኃው የት እንዳለ፣ ክብሪቱ የት እንዳለ፣ እስከ ጎረቤታችን በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ሲያስቆጥሩኝ ከረሙ። ዓይኔ የጠፋው ትናንት ነው እንዴ? ብቻዬን ልቀር መሆኑ ገብቶኝ ነው ዝም ብዬ የተማርኩት። ሠላሳ አራት እርምጃ ነው። አንዴም አልተሳሳትኩም።»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ እጃቸውን ዘርግተው የጋሼን ጉልበት ዳበሱ።

«ከእንግዲህ ልርሳው» አሉ። «ውኃዬን አንቱ ይቅዱልኝ።»

ጋሼም ብድግ ብለው ቀዱላቸው።